«እድሜ ነው» ብሎ መተው ልክ አይደለም

ወንድሜ፣ «ሰው ሲያረጅ መደበርና ከሰው መራቅ ያለ ነው፤ አመለካከት ምንም አይቀይርም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፣ ግን ስህተት ነው።

ድብርት የእርጅና ግዴታ አይደለም። በ70 ዓመትም ይታከማል። ጆሮው የደከመ ሰው አስብ። «እድሜ ነው» ብሎ አይመረመርም። ሌሎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል፤ በምን እንደሳቁ ግን አልሰማም። ቀስ በቀስ ጨዋታ ካለበት ይቀራል። ከዚያ «አርጅቶ ዝምተኛ ሆነ» ይባላል። ሳይመረመር መቅረቱን ማን ልብ አለው?

የየል ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 660 የኦሃዮ (የአሜሪካ ግዛት) ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ስለ እርጅናቸው በጎ አመለካከት የነበራቸው ከሌሎቹ 7.5 ዓመት ያህል በልጠው ኖረዋል። ጤናቸው፣ የኑሮ ደረጃቸውና ብቸኝነታቸው ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም።

በርግጥ አንድ ጥናት ምክንያቱን አያረጋግጥም። «ፈገግ በል፣ አታረጅም» የሚሉ ሰዎችም ያሰለቹኛል። ጉልበት ይደክማል፣ ወዳጅ ይሞታል፣ ሐዘኑም የእውነት ነው። ግን «አበቃልኝ» ያለ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመውሰድ ወይም ወጣ ብሎ በእግሩ ለመሄድ ምን ይገፋፋዋል?

አባትህ «አረጀሁ» ብለው ከቤት መውጣት ካቆሙ ሐኪም ያያቸው። የጆሮ ምርመራውም እንዳይረሳ።