ኮርላ ፓንዲትን «ውሸታም» ከማለታችን በፊት

በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ኮርላ ፓንዲትን ሳያውቅ አይቀርም። ጥምጣም ያስራል። ጥምጣሙ ግንባሩ ላይ ትልቅ ፈርጥ አለው። ኬቲኤልኤ በተባለው ጣቢያ ኦርጋን እየተጫወተ ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል። አንዲት ቃል አይተነፍስም። የኒው ዴልሂ ልጅ ነው፣ አባቱ ብራህሚን (የሂንዱ ካህናት ወገን)፣ እናቱ ፈረንሳዊት የኦፔራ ዘፋኝ ናት ይባል ነበር።

በ1998 ሞተ። በ2001 አንድ የሎስ አንጀለስ መጽሔት እውነቱን አወጣው። የሰውየው ስም ጆን ሮላንድ ሬድ ነው። ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ።

ይህ ታሪክ በተነሳ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ነው። «ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልኩን ሰው አታለለ።» ወገኑን የካደ፣ በዘሩ ያፈረ ይሉታል። እኔ ይህ ፍርድ ያናድደኛል። ጥፋቱን ቦታው ላይ አላስቀመጠውምና።

ያኔ የነበረውን ሁኔታ እንየው። ቨርጂኒያ በ1924 ባወጣችው ሕግ ጠብታ የጥቁር ደም አለበት የተባለ ሰው ነጭ ሊሆን አይችልም። ካሊፎርኒያ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ እስከ 1948 ድረስ ትከለክል ነበር። የሬድ ሚስት ቤሪል ነጭ ነበረች። የተጋቡት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። የሎስ አንጀለስ የሙዚቀኞች ማኅበርም እስከ 1953 ድረስ የነጭና የጥቁር ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚከፈልበት የሬዲዮና የስቱዲዮ ሥራ የሚሄደው ለነጮቹ ነው። ሬድ መጀመሪያ ሁዋን ሮላንዶ ብሎ ራሱን ሜክሲኳዊ አደረገ። በሩ ተከፈተለት። ጣቶቹ ያው የድሮዎቹ ጣቶች ናቸው፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ሕንዳዊ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ፊልሙ ዓለም ደግሞ የባሰ ነበር። ጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ቦታ ገረድ፣ አሽከር፣ ባቡር ላይ ሻንጣ ተሸካሚ ነው። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሠራው የሆሊውድ መመሪያ በነጭና በጥቁር መካከል የፍቅር ግንኙነት ማሳየትን በግልጽ ከልክሏል። በዚያው ሆሊውድ ግን ጥቁሩ ተዋናይ ኖብል ጆንሰን የቀይ ሕንዶች አለቃ፣ የሩቅ ደሴት ንጉሥ፣ የሕንድ ልዑል ሆኖ ሠርቷል። በ1932 በአንድ ፊልም ላይ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ሩሲያዊ ኮሳክ ሆኗል። ስለዚህ ስቱዲዮዎቹ ጥቁር ሰው ሌላ ሰው ሆኖ መጫወት እንደሚችል አሳምረው ያውቃሉ። ራሱን ሆኖ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ መታየቱ ነው ያልተፈቀደለት።

የጆንሰን ነገር ሌላም ጉድ አለው። በ1916 ከወንድሙ ከጆርጅና ከሌሎች ጋር ሆኖ ሊንከን የሚባል የጥቁሮች የፊልም ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። ጥቁሮች እንደማንኛውም ሰው ተምረው፣ ሠርተው፣ አፍቅረው የሚታዩባቸው ፊልሞች ሠሩ። ጆንሰን ለእንጀራው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ ስለነበር ግን ስቱዲዮው ጫና አደረገበት። በ1918 ከሊንከን ለቀቀ። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ይህን ዩኒቨርሳል የሚለውን ስም ያዙልኝ።

«ጥቁሯ ተዋናይት ፍሬዲ ዋሽንግተንስ? እሷ ዘሯን አልደበቀችም እኮ» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ስለእሷ ረዘም አድርጌ ማውራት እፈልጋለሁ።

ፍሬዲ በ1903 ጆርጂያ፣ ሳቫና ተወለደች። መልኳ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ነጭ ነኝ ብትል ማንም አይጠይቃትም። እንዲህ አድርጊ ያሏትም ነበሩ። እምቢ አለች። ጥቁር ነኝ፣ በዚህም እኮራለሁ ብላ በአደባባይ ተናገረች። በ1933 ከጥቁሩ ተዋናይና ዘፋኝ ከፖል ሮብሰን ጋር «ዘ ኢምፐረር ጆንስ» የተባለውን ፊልም ስትሠራ ሮብሰን ነጭ ሴት ያቀፈ እንዳይመስል ተፈራ። ፊቷን በሜካፕ አጠቆሩት። እስቲ አስቡት፤ ጥቁሯን ሴት ጥቁር ለማስመሰል ቀለም ቀቧት!

በ1934 ዩኒቨርሳል በሠራው «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» ላይ ደግሞ ነጭ መስላ ለመኖር እናቷን የምትክድ ፒዮላ የተባለች ልጅ ሆነች። ፊልሙ ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጨ። በጣም አሳምራ ስለተጫወተችው ብዙ ሰው በእውነተኛ ሕይወቷም ዘሯን የምትጠላ መሰለው። አይደለሁም እያለች ማስረዳት የእሷ ዕዳ ሆነ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባሏ ሎውረንስ ብራውን የጥቁሩ የጃዝ ሙዚቀኛ የዱክ ኤሊንግተን ባንድ የትሮምቦን ተጫዋች ነበር። ባንዱ በደቡብ ግዛቶች ሲዞር ሙዚቀኞቹ የነጮች አይስክሬም ቤት መግባት አይችሉም። ፍሬዲ ትገባለች። ነጭ ስለምትመስል ያስተናግዷታል። ለሁሉም ገዝታ ትወጣና ውጭ ለቆሙት ታድላለች። ይህን ያዩ ነጮች የስድብ መዓት ያወርዱባታል። መልኳን የተጠቀመችበት እንዲህ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ክብር ይገባታል።

ብድራቷ ግን ምን ሆነ? ለገረድነት በጣም ነጭ ነች፣ ለመሪ ተዋናይነት ደግሞ ጥቁር ነች ተባለች። የመጨረሻ ፊልሟን በ1937 ሠራች። ገና 33 ወይም 34 ዓመቷ ነበር። ኒውዮርክ ተመልሳ የጥቁር ተዋናዮች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፣ በጋዜጣም ጻፈች። ሆሊውድ በ1949 «ፒንኪ»ን ሲሠራ ነጭ መስላ የምትኖረውን ጥቁር ሴት እንድትጫወት ነጯን ጂን ክሬንን መረጠ። ክሬን ለኦስካር ታጨች። በ1959 ዩኒቨርሳል «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ»ን እንደገና ሲሠራ የፍሬዲን ቦታ ለሱዛን ኮነር ሰጠ። እሷም ጥቁር አልነበረችም። እሷም ታጨች። ፍሬዲ ይህን ሁሉ በሕይወት እያለች አይታለች። የሞተችው በ1994 ነው።

እንግዲህ ሬድ የነበረው ምርጫ ይህ ነው። እውነቱን ከተናገረ የፍሬዲ ዕጣ ይጠብቀዋል። ከዋሸ ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፣ ግን በገዛ ቤቱ እንኳ ጥምጣሙን ሲጠብቅ ይኖራል። መዋሸቱ አልጎዳውም አልልም። ዘመዶቹም ምስጢሩን አብረውት ተሸክመዋል፤ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ነገር ግን ፍሬዲን ለማክበር ሬድን ማዋረድ የግድ አይደለም። ፍሬዲን እየጠቀሱ «እሷ ከቻለች እሱስ ለምን?» የሚሉ ሰዎች፣ ሁለቱንም ያንን ምርጫ ውስጥ የከተታቸውን ስቱዲዮ በነፃ ያሰናብቱታል።

ጆርጅ ጆንሰን የሰበሰበው የሊንከን ኩባንያ ሰነድ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ስለ ኮርላ ፓንዲት ውሸት መጻፍ የሚያምረው ሰው መጀመሪያ እሱን ያንብብልኝ።