የዘጌን የሌሊት ነፍሳት ማን ቆጠራቸው?

በሃዋይ ደሴቶች ብላክበርን ስፊንክስ የሚባል የእሳት እራት አለ። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ1984 ግን ማዊ በተባለችው ደሴት በሕይወት ተገኘ። በ2000 ደግሞ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን በሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ ውስጥ ገባ፤ ከሃዋይ ነፍሳት የመጀመሪያው ነው።

ለዚህ ያበቃው ዋናው ነገር የደኑ መመናመን ነው። የእሳት እራቱ ገና ትል ሳለ የሚመገበው አይኤያ የሚባለውን የአገሬውን ዛፍ ነበር፤ ደኑ ተመነጠረ፣ የተረፈውንም ችግኝ ፍየልና ከብት ጋጠው። ዛሬ ከውጭ የገባ የትምባሆ ዘመድ የሆነ ዛፍም ይበላል፤ ሁሉም ፍጥረት ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል አይገጥመውም። ደግሞም ትሉ ክንፍ የሚያወጣው አፈር ውስጥ ከርሞ ስለሆነ፣ ከዛፉ ሥር ያለው መሬትም ያስፈልገዋል።

ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ መሬት ያለው ወደ ጣና ሐይቅ የገባው ዘጌ ነው። የገዳሙ መሥራች የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ተብሎ፣ እዚያ ማረስም ከብት ማርባትም ነውር ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ይተዳደራል። ጫካው ውስጥ በቀትር ቢገቡ እንኳ ጥላ ነው፤ እግር የሚረግጠው የረገፈና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ከዘጌ ወጥተው ወደ መራዊ ሲሄዱ ግን ደን የሚባለው በየደብሩ ዙሪያ የቀረው ብቻ ነው፤ ሌላው እርሻና ባሕር ዛፍ ሆኗል። እያንዳንዱ ደብር በማሳ መካከል የቀረ ደሴት ነው።

እኛ የእሳት እራትን የምናውቀው በክፉ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አገራችን ገብቶ በቆሎውን የፈጀው መጤ ተምች ወላጁ የእሳት እራት ነች። ገበሬው ቢጠላት አይፈረድበትም። ነገር ግን በእነዚህ ጫካዎች ሌሊት የሚበርረውን ሁሉ ተባይ ብሎ መተው አያዋጣም፤ አንድ ዝርያ ጠፋ ለማለት እንኳ መጀመሪያ መኖሩ መመዝገብ አለበት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪዎች የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው፣ በጨለማ ነጭ አንሶላ ወጥረው ፋኖስ ቢያበሩ የሚያርፍበትን ይመዘግባሉ። ወጪው ትንሽ ነው።

ደብሮቹም ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረው ከብት ከልክለዋል። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ይለቀማል፤ ገበሬውም ለማረስ የጸዳ መሬት ያገኛል። የጎጃም ደብሮችም ይህን ቢጀምሩ፣ በቅጥሩ ውስጥም ከባሕር ዛፍ ይልቅ ዋንዛና ወይራ ቢተክሉ እላለሁ።