«ስንት ኪሎ ነሽ?»

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓርብ ከትምህርት ቤት የጤና መጠይቅ ይዛ መጣች። ቁርስ ትበያለሽ ወይ፣ በስንት ሰዓት ትተኛለሽ፣ ስፖርት ትሠሪያለሽ ወይ... ሁሉንም ሞልታለች። «ክብደት» የሚለው ጋ ግን የሆነ ቁጥር ጽፋ በላጲስ አጥፍታዋለች። ደጋግማ ስላጠፋችው ወረቀቱ ሳስቷል። «ምን ጽፈሽ ነበር?» ስላት ገለበጠችው።

ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የሚሠራ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተጀመረ ትልቅ የተማሪዎች ጥናት አለ። በአውሮፓና በካናዳ የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ልጆችን በየ4 ዓመቱ ይጠይቃል። ቁመትና ክብደታቸውን የሚጽፉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። እንደ አየርላንድና ብሪታንያ ባሉ አገሮች ብዙዎቹ ቦታውን ባዶ ይተዉታል።

አንዳንዱ እውነትም አያውቀውም። በእኛ ቤትማ ሚዛን የት አለ? አብዛኞቻችን የተመዘንነው ወይ ጤና ጣቢያ ነው፣ ወይ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡ ልጆች ጋ። ደግሞም በ14 ዓመት የዛሬ ሦስት ወር ኪሎ ዛሬ አይሠራም።

ሌላው ግን ያውቃል። መጻፉ ነው የሚከብደው። ሴት ልጅ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ስትገባ «ውይ፣ ወፈርሽ!» ትባላለች። ወንዱ «ምነው ከሳህ፣ አሞህ ነበር እንዴ?» ይባላል። ለአክስት ይህ ሰላምታ ነው፣ ፍቅርም አለበት። ልጅቷ ግን ማታ መስታወት ፊት ቆማ ታስበዋለች። እኔ ስማር መምህሩ በየተራ እየመዘኑ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩ ነበር። «ስልሳ ስምንት!» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያቺ ልጅ አንገቷን እንደደፋች ወደ ወንበሯ ስትመለስ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ስለዚህ ባዶውን ጥሎ የተሞላውን ብቻ መደመር ያሳስታል። ዝም ያሉት ከተናገሩት ጋር አንድ አይደሉማ። ከሚጽፉትም ውስጥ ወፈር ያሉት ቀንሰው እንደሚጽፉ ተደጋግሞ ታይቷል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን «ስንት ኪሎ ነሽ?» ብሎ አልጠየቀም፤ በሚዛን መዘናቸው። ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጭን፣ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም እንደሆኑ ያወቅነው በዚያ መንገድ ነው። ትምህርት ቤትም ቢሆን ከመጋረጃ ጀርባ መመዘን፣ ቁጥሩንም ድምፅ ሳያሰሙ መመዝገብ ይቻላል። መጠየቅ ግድ ከሆነ ደግሞ «አላውቅም» እና «መናገር አልፈልግም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይኑሩ። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባዶ መስመር ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

እሁድ ማታ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ ወረቀቱን ማን እንደሚሰበስበው ጠየቅኳት።

«የክፍል አለቃችን ነዋ» አለችኝ።