ከምዕራፍ 16 በኋላ ያለው ሂትክሊፍ

«ዉዘሪንግ ሃይትስ» የፍቅር ልብወለድ ነው ሲባል ሁሌ ይገርመኛል። እንዲያ የሚሉ ሰዎች መጽሐፉን ግማሽ ላይ የተዉት ይመስለኛል። ልብወለዱ 34 ምዕራፎች አሉት። ካትሪን የምትሞተው ምዕራፍ 16 ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ከግማሽ የሚበልጥ ታሪክ፣ የሚወዳትን ካትሪንን ያጣው ሂትክሊፍ በሌሎች ላይ የሚፈጽመው ግፍ ነው። ሎረንስ ኦሊቪየር የተወነበት የ1939 (እ.ኤ.አ.) ዝነኛ የሆሊውድ ፊልም ይህን ክፍል ቆርጦ ጥሎታል። የቀረው ፍቅሩ ብቻ ነው። እኔን ከመጽሐፉ ጋር ያቆራኘኝ ግን የተቆረጠው ነው።

ላላነበበ ሰው ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ኤሚሊ ብሮንቴ ልብወለዱን ያሳተመችው በ1847 ነው፤ ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም። ቦታው ሰሜን እንግሊዝ፣ ነፋስ የማያጣው የዮርክሻየር ደጋ ነው። አቶ ኧርንሾ ሊቨርፑል ከተማ ጎዳና ላይ ያገኙትን ልጅ ቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። በሕፃንነቱ በሞተው ልጃቸው ስም ሂትክሊፍ ይሉታል። ከልጃቸው ከካትሪን ጋር አንድ ላይ ያድጋል። ሽማግሌው ሲሞቱ ወንድሟ ሂንድሊ ትምህርቱን ያስቆመውና ከሎሌዎች ይቀላቅለዋል። ካትሪን ሀብታሙን ጎረቤት ኤድጋር ሊንተንን ለማግባት እሺ ትላለች። ሂትክሊፍን ማግባት ያዋርደኛል ስትል ይሰማና ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ቀጥላ ነፍሴና ነፍሱ አንድ ናቸው ማለቷን አልሰማም። ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። ከየት እንዳመጣው መጽሐፉ አይናገርም።

የጎቲክ ልብወለድ ወጉ መቃብር፣ መንፈስና የተቆለፈ በር ነው። ሁሉም እዚህ አሉ። በቀሉ ራሱ ግን የሚፈጸመው በወረቀት ነው። ሂንድሊ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ጠጪና ቁማርተኛ ሆኗል። ሂትክሊፍ ያበድረዋል፣ መሬቱን በመያዣ ይወስዳል። ሂንድሊ በ27 ዓመቱ ሲሞት ቤቱም መሬቱም የአበዳሪው ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ተራው የሊንተኖች ነው። ሂትክሊፍ የኤድጋርን እህት አግብቶ የወለደውን በሽተኛ ልጅ፣ ከካትሪን ልጅ ጋር በግድ ያጋባዋል። ልጅቷን ቤት ቆልፎባት ነው፤ ያውም አባቷ እያጣጣረ ሳለ። ኤድጋር ኑዛዜውን ሊለውጥ ጠበቃ ቢያስጠራ፣ ጠበቃው ቀድሞ በሂትክሊፍ ተገዝቷል። በዚያን ዘመን ያገባች ሴት የሚንቀሳቀስ ንብረቷ ለባሏ ነበር። እንግሊዝ ይህን ከምር የለወጠችው በ1882 ነው። ቻርልስ ሳንገር የተባለ የሕግ ሰው በ1926 ባሳተመው ጽሑፍ የመጽሐፉን የመሬትና የውርስ ጉዳይ መርምሮ፣ ደራሲዋ የዘመኑን ሕግ በሚገባ እንደምታውቅ አሳይቷል። የቄስ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ቤት ብዙም ርቃ አልኖረችም። ይህን ሁሉ ከየት ተማረችው ያሰኛል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሄርተን ነገር ነው። ሄርተን የሂንድሊ ልጅ ነው። አባቱ በተቀበረ ቀን ሂትክሊፍ ሕፃኑን ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ፣ አንተ አሁን የእኔ ነህ ይለዋል። ያው ነፋስ ሌላውንም ዛፍ ያጣምመው እንደሆነ እናያለን ይላል። ከዚያ አይገርፈውም፤ ማንበብ እንዳይማር ያደርገዋል። ልጁ በገዛ ርስቱ ላይ ያለ ደሞዝ የሚሠራ አሽከር ይሆናል። በቤቱ በር ላይ የእርሱ ስም ከ1500 (እ.ኤ.አ.) ጋር ተቀርጿል፤ በየቀኑ ሥሩ ያልፋል፣ ማንበብ ግን አይችልም። ግፍ እንደተፈጸመበት እንኳ አያውቅም። ሂትክሊፍ በልጅነቱ የደረሰበትን ሁሉ፣ ነጥብ ሳይቀር፣ ምንም ባላጠፋ ልጅ ላይ ደግሞታል። ይኼን ካነበብኩ በኋላ «ምስኪን አፍቃሪ» ሲሉት አይዋጥልኝም።

ካትሪን በወሊድ ሞተች። ለዚህ ማን ይከሰሳል? ሂንድሊ የልጅነት በደሉን ይከፍል ይሆናል፤ የእርሷን ሞት ግን የሚከፍል ሰው የለም። ሂትክሊፍ ልቅሶውን ተቀምጦ አላለቀሰም። በሞተች ጠዋት ራሱን ከዛፍ ጋር እያጋጨ፣ መንፈስሽ አይለየኝ፣ አሳብጂኝ እያለ ለመናት። ከ18 ዓመት በኋላ የኤድጋር መቃብር ሲቆፈር፣ ቆፋሪውን አግባብቶ የእርሷን ሣጥን አስከፈተ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የምንዘነጋው ሰው አለ። ኤድጋር ሊንተንም ያችኑ ሴት አጥቷል። እርሱ ግን ልጇን አሳደገ። ለስላሳ፣ እንዲያውም ደካማ ሰው ነው፤ አንባቢ አይወደውም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ሰልችቶኝ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ሂትክሊፍ አይረሳም፤ ግን ይደክመዋል። ሁለቱም ቤቶች በእጁ ገብተው፣ ሁለቱም ጠላቶቹ ሞተው፣ የቀሩት ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። አንድ ምሽት ሁለቱ ከመጽሐፍ ላይ ቀና ሲሉ ያያቸዋል። የሁለቱም ዓይኖች የካትሪን ዓይኖች ናቸው። የካትሪን ልጅ ሄርተንን ማንበብ እያስተማረችው ነው። ሂትክሊፍ ለቤት ጠባቂዋ ለኔሊ፣ ጠላቶቼ አላሸነፉኝም፣ ግን ክንዴን የማንሣት ፍላጎቱ ጠፍቶብኛል ይላታል። ጥፋታቸው እንኳ ደስ አይለውም። ምግብ ይተዋል፣ ይሞታል። አድሮ በሬሳው አጠገብ ያለቀሰለት ያው ሄርተን ነው።

ሻርሎት ብሮንቴ በ1850 የሟች እህቷን መጽሐፍ እንደገና ስታሳትም፣ እንደ ሂትክሊፍ ያለ ፍጥረት መፍጠር ተገቢ አይመስለኝም ብላ በመግቢያው ጽፋለች። እህቷን ከነቃፊዎች ለመከላከል ነው፤ ይገባኛል። ግን አልስማማም። ኔሊ ሞቱ ሲቃረብ ቄስ ላስጠራልህ ስትለው፣ ምንም ግፍ አልሠራሁም፣ በምንም አልጸጸትም ብሏታል። ሻርሎት ብትጽፈው ኖሮ እዚህ ላይ ታስለቅሰው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ኤሚሊ እንዳለ ተወችው።