ስካን ተደረገ ማለት ፋይሉ ተገኘ ማለት አይደለም

ድሬዳዋ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤቱን ፋይሎች ስካን አስደርጎ ወረቀቱን ሊያስወግድ መወሰኑን ሰሞኑን ሰማን። የተሰጠው ምክንያት ጎርፍ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ያደረሰውን ያየ ሰው ወረቀት አያምንም ተባለ።

በዚያ የጎርፍ ሌሊት ያለቁትን ሰዎች ለዚህ ውሳኔ ማስረጃ አድርጎ መጥራት ያሳፍራል። ደግሞስ ጎርፍ ወረቀት መርጦ ይወስዳል? ምድር ቤት የተቀመጠ ሰርቨርም (የስካኖቹ ማከማቻ ኮምፒውተር) ውኃ ከገባበት አለቀለት። መዝገብ ቤቱን ፎቅ ላይ አውጡ፣ የታችኛውን መደርደሪያ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ቅጂውን ሐረር አስቀምጡ። ደቻቱ ሐረር አይደርስም።

ባለጉዳይ «ፋይልህ ጠፍቷል» ተብሎ የሚመላለሰው ፋይሉ ወረቀት ስለሆነ አይደለም። ከመደርደሪያው ሲወጣ ማን እንደወሰደው ስላልተመዘገበ ነው። ብዙ ጊዜ «የጠፋው» ፋይል አንዱ ባለሙያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። የወሳጁን ስም፣ የወጣበትንና የሚመለስበትን ቀን የያዘ ካርቶን በፋይሉ ቦታ ይሰካ፤ ይኸው ነው መድኃኒቱ። ለዚህ ምን በጀት ያስፈልጋል?

ይህ ሳይስተካከል ስካን ማድረግ ዝርክርኩን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነው። ስካነሩ የሚሰጠው ስም «ስካን 0047» ነው። 0047 የማን ይዞታ ነው? በእጅ የተጻፈ አማርኛ ስካን ስለተደረገ ብቻ በቃል ተፈልጎ አይገኝም፤ የሚገኘው በስሙና በማውጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ከስካነሩ በፊት ይጀምራል፦ ስፒሉን ነቅሎ ገጾቹን በቀን ቅደም ተከተል መደርደር፣ እያንዳንዱን ገጽ በእርሳስ መቁጠር፣ ምስሉን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት) ማንሳት፣ በመዝገብ ቁጥር፣ በዓመተ ምሕረትና በገጽ መሰየም፣ በመጨረሻም ምስሉን ከወረቀቱ ጋር ገጽ በገጽ ማመሳከር። የሚዘለለው ሁሌ ይህ የመጨረሻው ነው። ሁለት ገጽ ተጣብቆ ያልፋል፤ ኃላፊው በደብዳቤው ጀርባ የጻፈው ምሪት (ጉዳዩን ለማን እንደመራው) ሳይነሳ ይቀራል፤ ሐምራዊው ማኅተም በጥቁርና ነጭ ሲነሳ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ነገ አንዱ ወገን ፊርማዬ አይደለም ብሎ ቢክድ መርማሪው የሚጠይቀው ዋናውን ሰነድ ነው። ምን ልትሰጡት ነው?

ለዕለት ሥራ ቅጂው ይጠቅማል፣ በዚህ አልከራከርም። ሐረር ሸሪፍ ሙዚየም ያሉ የእጅ ጽሑፎች ብዙዎቹ በዲጂታል ተቀድተዋል፤ ዋናዎቹ ግን ዛሬም በክብር ተቀምጠዋል። መዛግብትን ማስወገድ ደግሞ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ያለው ጉዳይ እንጂ ቦታ ጠበበኝ ያለ ቢሮ በስብሰባ የሚጨርሰው አይደለም። ውሳኔው ይሻር፤ የተመደበው ገንዘብም መጀመሪያ ለማውጫ ሠራተኞችና ለመደርደሪያ ይዋል።