ታቦቱን የሸፈነ ሙዚየም ሬሳውን ስለ ምን ይገልጣል?

አክስቴ ከደሴ መጥታ ለንደን እኔ ዘንድ የሰነበተች ጊዜ ብሪቲሽ ሙዚየምን ላሳያት ወሰድኋት። ግብፅን የምታውቀው ከኦሪት ነው። ዮሴፍ አባቱ ያዕቆብ ሲሞትበት ባለመድኃኒቶቹን አዝዞ በሽቱ እንዳሳሸው፣ ይህም አርባ ቀን እንደ ፈጀ፣ ግብፃውያንም ሰባ ቀን እንዳለቀሱለት ደረጃውን ስንወጣ ነገረችኝ። ስለዚህ የሬሳ ሣጥኖቹ ወዳሉበት ክፍል ስንገባ አልደነገጠችም። ካቴቤት የምትባል፣ አሙን የተባለው የግብፃውያን አምላክ ቤተ መቅደስ ዘማሪ ፊት ቆማ ብዙ ቆየች። ካቴቤት ከሞተች ከ3,000 ዓመት በላይ ሆኗታል። በበፍታ ተጠቅልላ፣ ፊቷ ላይ በወርቅ የተለበጠ ጭንብል ተደርጎላት፣ ከእንጨት የተቀረጹ እጆቿ ደረቷ ላይ ተመሳቅለው ተኝታለች። «ይህችስ በወጉ ተገንዛለች» አለች አክስቴ።

ከዚያ 64 ቁጥር ክፍል ገባን። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ወጣት በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ እጆቹን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ተኝቷል። ራቁቱን ነው። ቆዳው እንደ ደረቀ ቁርበት አጥንቱ ላይ ተጣብቋል፤ ራሱ ላይ ቀላ ያለ ጸጉር እዚህም እዚያም ቀርቷል። አንድ ተማሪ ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን መለሰች። «ይህን ልጅ ደግሞ ማን ሳይገንዘው ትቶት ሄደ?»

ወገኖቹ ግን ትተውት አልሄዱም። የሞተው ከ5,000 ዓመት በፊት በላይኛው ግብፅ፣ ዛሬ ገበለይን በሚባለው ስፍራ ነው። አስከሬንን በመድኃኒት የማድረቁ ጥበብ ገና ስላልዳበረ ጉድጓድ ምሰው፣ እንደ ተኛ ሰው አጥፈው፣ ትኩስ አሸዋ አለበሱት። አሸዋው የሰውነቱን እርጥበት መጥጦ ሳይፈርስ አቆየው። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ የግእዝ መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛ በመመለስ የሚታወቀው የሙዚየሙ ሹም ዋሊስ በጅ ለሙዚየሙ አስገኘው። እነዚያ ሸፈኑት፤ የገለጠው የእኛ ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 አስከሬኑ በሲቲ ስካን ተመረመረ። ሲሞት ዕድሜው ከ18 እስከ 21 ዓመት ይሆን ነበር። ከኋላው፣ በግራ ትከሻው በኩል፣ በስለት ተወግቷል። ራሱን ሲከላከል የቆሰለበት ምልክት ስለሌለ ያጠቃው ሰው ሳያስበው እንደ ደረሰበት ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለዐይን ጥቁር ነጠብጣብ ይመስል የነበረው የክንዱ ላይ ምልክት ንቅሳት ሆኖ ተገኘ፤ የዱር በሬና የዱር በግ ሥዕል ነው። በጀርባው ተወግቶ የተገደለ፣ እናት የነበረው፣ ክንዱን የተነቀሰ ጎረምሳ ነው እንግዲህ በየቀኑ የአላፊ አግዳሚ መመልከቻ የሆነው።

ሙዚየሙ መሸፈንን የማያውቅ ቤት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ግን ያውቃል። 11 የኢትዮጵያ ታቦታት በእጁ አሉ፤ አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ የተወሰዱ ናቸው። ለሕዝብ እይታ አይቀርቡም፤ ፎቶግራፍ አይነሡም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩዋቸውም። ወደ ተቀመጡበት ክፍል መግባት የሚፈቀደው ለቤተ ክርስቲያናችን ካህናት ነው። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው መመለስ አለባቸው፤ መሸፈናቸው የመዘረፋቸውን ዕዳ አይከፍልም። ሬሳንም ከታቦት እኩል አላደርግም። የምለው ይህን ነው፦ አንድ ሙዚየም «ይህ ለዐይን የተፈቀደ አይደለም» ብሎ በር መዝጋት ከቻለ፣ ያንኑ ክብር ለሰው ገላ መስጠት አያቅተውም። የታቦቱ ጉዳይ ሲነሣ የሚቆጣ ሕዝብ አለ። ለገበለይኑ ልጅ ግን የሚቆጣለት ዘመድ የለም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሕጉም ቢሆን አይረዳውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ብሔራዊ ሙዚየሞች የያዙትን አስከሬን እንዲያስረክቡ የሚፈቅደው፣ ሟቹ ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለበት ጊዜ ወደ ኋላ በ1,000 ዓመት ውስጥ የሞተ ከሆነ ነው። ይህ ልጅ ከዚያ መስመር አልፏል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የብሪታንያ ፓርላማ አባላት ስብስብ የሰው አስከሬን ለሕዝብ ማሳየት እንዲከለከል ጠይቋል። እኔ ከእነርሱ ጋር ነኝ።

«ባይታይ ኖሮ ይህን ሁሉ እንዴት እናውቅ ነበር?» የሚሉ አሉ። ክርክሩን አልንቀውም፤ የንቅሳቱን ነገር ሳነብ እኔም ተደንቄአለሁ። ነገር ግን የጩቤውን ቁስል ያገኘው ስካኑ ነው፤ ንቅሳቱንም የለየው የኢንፍራሬድ ካሜራ ነው። መስታወቱን ከብቦ የቆመው ሕዝብ ለዚህ ዕውቀት የጨመረው የለም። የስካኑን ምስል ግድግዳው ላይ አሳዩን፣ ታሪኩን ጻፉልን፤ ገላውን ግን ሸፍኑት። ማንቸስተር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 አስከሬኖቹን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር፤ ጎብኚው ሲያጉረመርም መልሶ ገለጣቸው። ያን ጊዜ መጽናት ነበረበት። ግብፅ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሳዳት እ.ኤ.አ. በ1980 የነገሥታቱን አስከሬን ክፍል አዘግተው እስከ 1994 ተዘግቶ ቆይቷል። ዛሬ በካይሮ ፉስጣጥ በሚገኘው ሙዚየም ነገሥታቱ ፊታቸው ቢታይም ገላቸው በበፍታ ተሸፍኗል፤ ፎቶግራፍ ማንሣትም ክልክል ነው። ለገበለይኑ ልጅ ቢያንስ ይህን ያህል ለምን አይደረግለትም?

የጥንት ግብፃውያን ከአላፊ አግዳሚ የሚፈልጉትን ራሳቸው በድንጋይ ላይ ጽፈው ትተውልናል። «በምድር ላይ ያላችሁ ሕያዋን ሆይ» ይላል በየመቃብሩ የተቀረጸው ልመና፤ ስሜን ጥሩ፣ «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ» በሉልኝ ይላል። ተዝካር ያወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ካቴቤት ስሟ አለ፤ ይጠራላታል። የግብፅ ጽሕፈት ገና ሳይስፋፋ ለሞተው ልጅ ግን ይህም አልቀረለትም።

ስንወጣ አክስቴ «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። ስሙ እንደማይታወቅ፣ ከጸጉሩ ቀለም ተነሥተው ያወጡለትን ቅጽል ስም ሙዚየሙ ራሱ እንደ ተወው ነገርኋት። ያልተጠመቀ መሆኑን፣ ከጌታ ልደት 3,000 ዓመት ቀድሞ የሞተ መሆኑንም ነገርኋት። «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ወረቀት አምጣ ብላ የሙታኖቿን ስም አስጻፈችኝ። ከአባቷና ከእናቷ ቀጥሎ፣ «በሰው አገር ራቁቱን የተኛው ልጅ» በል አለችኝ፤ እንዳለችው ጻፍኩት።