አንኮበር ወጥቶ ሳያዩ መውረድ

ለንደን ውስጥ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ልጆቹን ሙዚየም ከመውሰዱ በፊት ብዙውን ጊዜ ብቻውን ሄዶ ቦታውን ያያል። መፀዳጃው የት እንደሆነ፣ ምሳ የት እንደሚበላ፣ የትኛው ዕቃ ፊት እንደሚቆም አስቀድሞ ይወስናል። ለትንንሾቹ በተለምዶ ለስድስት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደባል። አዳራሹን ሁሉ አይዞሩም፤ ሦስት አራት ዕቃ ፊት ቁጭ ብለው በእርሳስ ይስላሉ።

እዚያው ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የመቅደላ የወርቅ ዘውድ ግን ከአገሩ ተነቅሎ የሄደ ነው። የሰሜን ሸዋ ተማሪ ግን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችውን አንኮበርን ሲጎበኝ ታሪኩ የተሠራበትን ተራራ ራሱን ይረግጣል። ይህን የመሰለ ጸጋ በአካሄድ ጉድለት ሲባክን ያንገበግባል።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶብሶቹ አርፍደው ይነሳሉ፣ ከዚያ የእግር አቀበት አለ። መቶ ልጅ አንድ አስጎብኚ ሲከብብ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለው አይሰማም። ፎቶ ተነሥቶ ይወረዳል። ጭጋግ ከያዘው ደግሞ ጉዞው ከንቱ ነው፤ የአንኮበር ዋናው ትምህርት እይታው ነውና።

ስለዚህ ከክረምት ውጭ፣ በማለዳ ተነሥቶ መሄድ ይሻላል። ኮረብታው ላይ ልጆቹን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርጎ ወደ ምሥራቅ ማዞርና ምንም ሳይነግሩ መጠየቅ፦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለምን እዚህ ተቀመጡ? ገደሉ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ከሥር የአልዩ አምባ ገበያ፣ አሞሌ ጨው ይመጣበት የነበረው አቅጣጫ ይታያቸዋል። በዚያ ዘመን ከባሕር በኩል የሚመጣ በዚያ አቀበት ያልፍ ነበር፤ በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ውል የተፈራረሙት እንግሊዞችም የመጡት በዚያው ነው። መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል።

ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ቅሪት አጠገብ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ድንጋዩን ከማያያዣው ለይተው ይሳሉ፤ ላዩ ላይ ግን አይወጡ፣ ማያያዣው ይፈረፈራልና።

የአውቶብስ ገንዘብ ያጣ የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት እዚያው አቅራቢያ ልቼ አለለት፤ በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የታረቁበት። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላም ሩቅ አይደለችም።

በማግስቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ለማነጻጸር ይያዝ። አንዱ ያላየውን ሌላው ስሎታል፤ ክርክሩም ከዚያ ይነሣል።